የእናቴ ግራ ጎን

እናቴ ስትሞት ዘመዶቼ ሐውልት ይሠራላት አሉ። እኔ ደግሞ ዘመድ ሁሉ በአንድ ድምፅ የተስማማበትን ነገር መቀበል ይቸግረኛል። በደብራችን ግቢ ያሉትን ሐውልቶች አውቃቸዋለሁ። በሲሚንቶ ይለሰናሉ፣ ሰማያዊ ቀለም ይቀባሉ፣ መካከላቸው ላይ በመስታወት ሥር የሟቹ ፎቶ ይገባል። ከዚያ የመንዝ ክረምት ይመጣል። ፎቶው ውሃ ይጠጣና ፊቱ ከአገጩ ጀምሮ ወደ ላይ ይሟሟል፤ ውሎ አድሮ ቤተሰቡ ሄዶ የሚያለቅሰው ለአንድ ግንባርና ለጥቂት ሻጋታ ነው።

«እናቴን ለጉም አልሰጣትም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልታደርግላት አስበሃል?»

ምንም አላሰብኩም ነበር። እኔ ዘንድ ተቃውሞ ምንጊዜም ከሐሳብ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሐሳቡን ፍለጋ የምወጣው ከተቃወምኩ በኋላ ነው። እንጀራዬንም የምበላው በዚሁ ነው፤ ሰዎች የተስማሙበትን ነገር እየፈለግኩ አልስማማም ብዬ እጽፋለሁ።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም። ፊቷ እየጠፋብኝ ነበር። ድምጿ አለ። የእጇ ሽታ፣ የበግ ጠጉርና የቅቤ፣ አለ። ፊቷን ሳስብ ግን ከጎን በኩል ብቻ ነው የሚመጣልኝ፣ ሳንቲም ላይ እንደተቀረጸ ምስል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልተመራመርኩም። ያሉን ፎቶዎች ሁሉ ከጎን የተነሡ ናቸው፤ በሠርግ ከጎን፣ በክርስትና ከጎን፣ እኔ በተመረቅኩ ዕለት እንኳ ከጎን። ፊት ለፊት የተነሣችው ለቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ ማኅተሙ ልክ ፊቷ ላይ አርፎ ሐምራዊ ክብ አድርጓታል። መንግሥት እናቴን ያወቃት በነጠላዋ ጠርዝ ነው ማለት ነው።

ዘወር የምትለው በዘፈቀደ አልነበረም። ልጅ ሳለች ገብስ ሲወቃ እብቅ ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሐኪም ሩቅ ነበር፤ ጠበሉ ቅርብ ነበር፤ እብቁ ግን ከሁለቱም ቀደመ። ብሌኑ ነጭ ሆነ፤ ነጭ እንደሆነም ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ ቀኟን ትሰጣለች። ገበያ ስትሄድ በመንገዱ ግራ ዳር ትሄዳለች፣ መንገደኛው ሁሉ በቀኟ እንዲያልፍ። ቤት ውስጥም ቦታዋ አንድ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ጥግ፣ ግራዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጥና ጠጉር ትፈትላለች። በእሷና በግድግዳው መካከል አንድ ልጅ የሚያስገባ ቦታ ይቀራል። እሱ የኔ ነበር። ያደግኩት እናቴ በማታይበት በኩል ነው። መኖሬን የምታረጋግጠው በክርኗ ነበር፤ ፈትላ ፈትላ በክርኗ ነካ ታደርገኛለች፤ አለሁ፤ ትቀጥላለች።

አሁን የቀሩኝ ፎቶዎች እንግዳ የሚያያትን እናቴን ነው የሚያሳዩት። እኔ የማውቃት በሌላኛው በኩል የነበረችው ናት።

አንድ ወዳጄ ስልኩ ላይ የጎኑን ፎቶ አስገብቶ ፊት ለፊት የሚያደርግ ነገር እንዳለ ነገረኝና ወዲያው ሠርቶ ላከልኝ። ቆዳዋ እንደ ዜና አንባቢ የጠራ፣ ሁለት ጤነኛ ዓይኖች ያሏት ሴት አየችኝ። የግራው የቀኙ መንታ ነው። የእናቴን ነጠላ ለብሳለች እንጂ እናቴ አይደለችም። «እንዴት ነው?» አለኝ። «ቆንጆ ናት፤ የማን እናት ናት?» አልኩት። እስካሁን ቅር እንዳለው ነው።

ሠዓሊቷን ያገኘኋት በአንድ አውራ ዶሮ በኩል ነው። ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ምሳ ልበላ ገብቼ ግድግዳው ላይ ከተሰበረ ሰሐንና ከሴራሚክ ስብርባሪ የተሠራ አውራ ዶሮ አየሁ። ዶሮው ከአስተናጋጁ የተሻለ ትኩረት ሰጠኝ። ማን ሠራው ብዬ ጠየቅኩ፤ እብነ በረድ ከሚቆርጡበት ቤት ጀርባ አንዲት ልጅ አለች አሉኝ። ልጅ ያሏት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ የተመለሰች፣ ጣቶቿ ላይ ፕላስተር የማይጠፋ ሴት ናት። እብነ በረድ ቆራጮቹ የሚጥሉትን ቁርጥራጭ እየለቀመች በፒንሳ ትሰብራለች፤ የሰበረችውን በኮላ መረብ ላይ ትለጥፋለች፤ ሲያልቅ በሲሚንቶ ታጣብቀዋለች። ሞዛይክ ማለት ይኸው ነው።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው የፈለጉት ጋሼ?»

«እናቴን።»

ፎቶውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። «ሌላ ማዕዘን የለም?»

«የለም። ይሄ ምን አነሰው? ነገሥታት ገንዘብ ላይ የሚቀረጹት እንዲህ ነው።»

«እናትዎ ንግሥት ነበሩ?»

«በግቢያችን ውስጥ፣ አዎ።»

ሳቀችና ውሏን ነገረችኝ። ቀለም አትቀባም፤ ቀለሙ ድንጋዩ ውስጥ ከሌለ ከየትም አታመጣውም። ስለዚህ የእናቴን አገር ድንጋይ ላምጣላት፤ ከቤቷም የተሰባበረ ነገር ካለ። ስለ ግራ ዓይኗ አላነሣሁም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከእንግዳ ስትሸሽገው የኖረችውን በመጀመሪያው ቀን ለእንግዳ መዘርገፍ ደግ አልመሰለኝም። ፎቶው ላይ የሌለ ዓይን ማንን ያስቸግራል ብዬም ነበር።

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ቀን ወደ መንዝ፣ ወደ ዘመሮ ወጣሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የወላጆቼ ቤት አሁን የአክስቴ ነው፤ እናቴ ስትታመም ታናሽ እህቷ ልታስታምማት መጣች፣ በዚያው ቀረች። መጣች ማለቴ ለጽሑፉ ነው፤ ፊት ለፊት አንቺ ብላቸው ይቆጡኛል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እንደሚገባው መጡ፣ ቀሩ እያልኩ እቀጥላለሁ። ግድግዳው ያው የድሮው ድንጋይ ነው። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር፤ አሁን ቆርቆሮ ነው። የጓሳ ክዳን ዝናቡን በሹክሹክታ ነበር የሚቀበለው፤ ቆርቆሮው ይሳደባል።

«ከአዲስ አበባ ድረስ ድንጋይ ልትሸከም መጣህ?» አሉኝ አክስቴ።

«ለሥራ ነው እትዬ።»

«እዚያ ድንጋይ ጠፋ?»

«ድንጋይማ ሞልቷል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው እንጂ።»

ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ከጓሮ የተሰባበረ የጠላ ጋን በጆንያ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ጋኑ የእናቴ ነበር። ገሎቹ እንደ ሰው ቆዳ ናቸው፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ቀላ፣ እሳት የላሰው በኩል ደግሞ ቡናማ። እኔ ከወንዙ ጥቁር ድንጋይ፣ ከገደሉ ሥር ዳለቻና ነጭ ለቀምኩ፤ እናቴ ስትፈትል የኖረችው ጠጉር ያለው ቀለም ሁሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴ ምን እንደማሠራ ሲጠይቁኝ «ሲያልቅ ያዩታል» አልኳቸው። ምስሉ የሚሰቀለው እዚሁ፣ ከመደቡ በላይ፣ የእሷ ቦታ ላይ መሆኑን ብቻ ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ራሴም አመንኩት፤ ቤቷ ስትገባ ፊቷ ይመለስልኛል ብዬ።

ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን መመላለስ ሆነ ሥራዬ። ሰበብ አላጣም ነበር። ሠዓሊቷ ገሉን በፒንሳ ጠርቀም ታደርገዋለች፤ ከሚፈናጠረው ውስጥ አንዷን ትመርጣለች፤ ትለካለች፤ ትጥላለች፤ ሌላ ታነሣለች። ጉንጯ ወጣ። ከዚያ ጆሮዋ፣ የአንገቷ ንቅሳት ሳይቀር። ከከንፈሯ ጥግ የምትጀምረው መስመር በቀጭን ዳለቻ ድንጋይ ስትወርድ አቋርጬ ወጣሁና ውጭ ቆምኩ። ከቅርብ ሲያዩት ጋን ነው፤ ራቅ ሲሉ ግን እሷ ናት። መንካት አምሮኝ እጄን ስሰድ ሠዓሊቷ ያዘችኝ። «ኮላው አልደረቀም ጋሼ» አለችኝ። እናት ያልደረቀ ኮላ የምትሆንበት ጊዜ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል።

አክስቴ ያዩት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ለደም ግፊታቸው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፤ ወረፋ ሲጠብቁ ሥራ እንዳይፈቱ እንዝርታቸውንና ጠጉራቸውን በዘምቢል ይዘው ነበር የመጡት። ከሐኪም ቤቱ ሲወጡ «አሁን ላሳይዎት» ብዬ ወደ ሠዓሊቷ ቤት ወሰድኳቸው። እንደ ሕፃን ቸኩዬ ነበር።

በሩ ላይ ቆመው አዩት። ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ ፍለጋ ኪሴ ገባሁ።

«ይህች ማን ናት?»

«እሷ ናት እንጂ እትዬ! እርስዎ የሰጡኝ ጋን እኮ ነው።»

«ጋኑንማ አወቅኩት። ሌላው ዓይኗ የታል?»

«ከጎን ስለሆነች አይታይም።»

«አይታይም?» ወደ ውስጥ ገቡ፤ ጣታቸውን በምስሉ አፍንጫ ትይዩ ቀሰሩ። «አንተ ደብር ሥር አይደለም እንዴ ያደግከው? መቅደሱ ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የተሣለው ማን ነው? እስቲ ንገረኝ፤ የተማርክ አይደለህ!»

ያኔ ገባኝ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊው ጻድቃንን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥላቸዋል። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ከሃዲው ነው፤ ጅራፍ የያዙት ገራፊዎች ናቸው። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ክፉውን ከደጉ የሚለየው ዓይን ቆጥሮ ነው። እኔ ይህን ከማንም የሰማሁት አይደለም፤ ከወለሉ ላይ ሆኜ ሳንጋጥጥ ያደግኩት ነው። እንዲያውም ስለዚሁ ረጅም መጣጥፍ ጽፌ፣ በስብሰባ አንብቤ፣ ተጨብጭቦልኛል። ከዚያ ሄጄ እናቴን በአንድ ዓይን አሠራኋት።

«ከገራፊዎቹ ጋር አሰለፍካት» አሉ አክስቴ። «ጅራፍ ብቻ ነው የቀራት።»

ሠዓሊቷ ጣልቃ ገባች። «እማማ፣ ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም። ዘመናዊ ሥራ ነው።»

«ዘመናዊ ሰይጣን ነዋ!»

«እትዬ፣ ሰዉ እንደዚህ አያየውም» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አላሳመነኝም።

«የትኛው ሰው? እኔ ቤት የሚገባው ሰው ነው አይደል የሚያየው? የነፍስ አባቷ መጥተው ከመደቡ ላይ ቀና ሲሉ ምን ልበላቸው? ልጇ ከአዲስ አበባ ድረስ አሠርቶ አመጣት ልበል? አይሆንም። ይሄ ነገር ደጃፌን ከረገጠ እኔ በጓሮ ወጥቼ እሄዳለሁ።»

እልኸኛ ናቸው፤ ያደርጉታል። አዲስ አበባ ወስጄ ሳሎኔ ውስጥ ልሰቅለው እችል ነበር። ግን እናቴ አዲስ አበባ መጥታ አታውቅም። ሳሎኔ ውስጥ ብትሰቀል እሷም እንግዳ፣ እኔም እንግዳ እንሆናለን።

ሠዓሊቷ ፒንሳውን ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። «ፎቶውን ያመጡት እርስዎ፣ ከፎቶው ጋር የተጣሉት እሳቸው፣ የምነቅለው እኔ!»

«እኔ ደግሞ የደበቀችውን ዓይን አሳዩ አላልኩም» አሉ አክስቴ፣ አሁንም በቁጣ።

«የምን የደበቁት ዓይን?»

እንዲህ ሆኖ ወጣ። አክስቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ግን ዘግይተው ነበር። እብቁን፣ ጠበሉን፣ ነጩን ብሌን እኔ ነገርኳት። ነግሬ ስጨርስ ሳላስበው ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። «እንግዲያው ፊት ለፊት ይሁን። ግራ ዓይኗ እንደነበረው ነጭ ይሁን። ነጭ ድንጋይ አለን።»

«አብደሃል?» አሉ አክስቴ። «ቆማ የሸሸገችውን ስትሞት ልትገልጥባት?»

«እውነቱ እሱ ነዋ እትዬ።»

«ያንተ እውነት! በጽሑፍ ከሆነ ግድ የለኝም፣ ጻፈው፤ የሚያነብህ የለ። ግድግዳ ላይ ግን አይሆንም፤ ግድግዳ ሁሉም ያነባል።»

«እኔ እኮ በዚያ በኩል ነው ያደግኩት!»

ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ከወዲያ በኩል የእብነ በረድ መቁረጫው የቆመ መሰለኝ። አክስቴ አዩኝ።

ሠዓሊቷ ቀስ ብላ «ሁለት ጤነኛ ዓይን ባደርግላቸውስ?» አለች።

«አይሆንም!» አልን ሁለታችንም፣ እኩል። ያን ቀን የተስማማንበት ብቸኛው ነገር እሱ ነው።

አንድ ዓይን ኃጢአት ሆነ። ሁለት ዓይን ውሸት ሆነ። እውነተኛው ዓይን ደግሞ ክህደት ሆነ። ሠዓሊቷ የእጅዋን ፕላስተር እየላጠች ቆየችና አክስቴን ጠየቀቻቸው።

«ሰው በሌለ ጊዜ ወዴት ነበር የሚያዩት?»

«ማን? እሷ? ሥራዋን ነዋ።»

«ሥራዋን እንዴት?»

አክስቴ ነገሩ ሞኝነት መሰላቸው። ግን የእህታቸውን ነገር ሌላ ሰው ሲያሳስተው መስማት አይችሉም። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ፤ ከዘምቢሉ እንዝርቱን አወጡ፤ ጠጉሩን በግራ ጣታቸው ያዙና አሾሩት። «እኔ እንዲህ ቀጥ ብዬ ነው የምፈትለው። እሷ ግን እንዲህ ነበረች።» ዓይናቸውን ወደ እንዝርቱ ሰበሩ፤ ሁለቱም የዓይናቸው ሽፋን ወረደ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል፣ መለስ አደረጉ። «ጤነኛው ዓይን እንዝርቱ ላይ እንዲያርፍላት ነው። ሁልጊዜ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር።»

ያ አንገት። እዚያ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ፣ በአክስቴ ትከሻ ላይ፣ እናቴ መጥታ ቁጭ አለች። ወደ ግራ ዘንበል ያለ አንገት፤ ወደ ግድግዳው፤ በእሷና በግድግዳው መካከል ወዳለው ልጅ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወደ እኔ ያዘነበለች ነበር የሚመስለኝ። ስትፈትል እንኳ ወደ እኔ ታዘነብላለች ብዬ ነበር ያደግኩት። ሌሎች ሰዎች የእናታቸውን ፍቅር በምን እንደሚያስታውሱ አላውቅም፤ እኔ በዚያ አንገት ነበር። ለካ ዓይኗን ለማቃናት ኖሯል። ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቆንጆ መጣጥፍ ይወጣው ነበር።

ሠዓሊቷ ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀድዳ በከሰል እየሣለች ነበር። «እንደዚያው ይሁኑ እማማ፤ እንዳይንቀሳቀሱ» ትላለች። አክስቴ አልተንቀሳቀሱም፤ አፋቸው ግን አላረፈም። «አገጬን ቀንሺው፤ የእሷ ጠባብ ነው። ቅንድቧንም አታሳስቺው፤ በቅንድብ እኔን ታስቀና ነበር።» ወረቀቱን ስታሳያቸው ጣታቸውን ሰደው ሁለቱን የወረደ ሽፋን አንድ በአንድ ነኩ። «ሁለት ናቸው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሁለት ናቸው» አሉኝ፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው።

እኔ ደስ አላለኝም። ይህን ልደብቅ አልችልም። የፈለግኩት እንድታየኝ ነበር፤ በነጩም ቢሆን። አሁን ሁለቱንም ዓይኗን ላጣ ነው። ሠዓሊቷ ፊቴን አይታ «ካልፈለጉት አሁኑኑ ይንገሩኝ ጋሼ፤ ሁለት ጊዜ አልነቅልም» አለችኝ። አክስቴ እንዝርታቸውን ወደ ዘምቢል እየመለሱ ነበር፤ ግራቸውን ለእኔ ሰጥተው። «ሥሪው» አልኩ።

ፊቱን በመሮ ነቅላ እንደገና ሠራችው፤ ከሥሩም ክርኖቿን፣ እጆቿንና እንዝርቱን ጨመረች። ሽፋኖቹን ከጋኑ ገል፣ እሳት ከላሰው ከቡናማው፣ ጥፍር የምታህል አድርጋ አወጣቻቸው፤ ከሥራቸው እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ድንጋይ። የግራው ሽፋን ከቀኙ ትንሽ ጠለቅ ይላል። ያን ማንም አላዘዛትም፤ እኔም አልጠየቅኳትም፤ አክስቴም አይተው እንዳላዩ ሆነዋል።

ሲያልቅ ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ጠቅልለን ወደ ዘመሮ በሚኒባስ ጫንናት። ከባድ ናት። ረዳቱ ከኋላ በር እየገፋ «ምንድን ነው ይሄ ጋሼ? ሐውልት ነው?» አለኝ።

«አይደለም። እናቴ ናት።»

እጁን እንደ ተቃጠለ ሰበሰበ። «አስከሬን በሚኒባስ አይጫንም! ሹፌር! ሰውየው አስከሬን ይዟል!»

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ መጣ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር ልጄ፤ አሁን ነው ያረፉት?» አሉኝ። የባናውን ጫፍ ገልጬ ማሳየት ግድ ሆነብኝ። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አያት።

«እንቅልፍ ወስዷቸዋል እንዴ?»

«ሥራ ላይ ናት።»

«እንግዲያው አናስቸግራቸው» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። መንገዱን ሁሉ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር «ሹፌር፣ ቀስ! ሴትየዋ እየፈተሉ ነው» ይላል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። ጉም ውስጥ ስንገባ ሳቁ ቆመ። እኔ እጄን ባናው ላይ አሳርፌ ነበር። አንድ ሰው እኔና እናቴ በአንድ መኪና ስንሄድ ቢያየን ይህን ብቻ ነው የሚያየው፤ ጥቅል ባናና በላዩ ላይ ያለ እጅ።

የት ትሰቀል በሚለው ላይ ከአክስቴ ጋር እንደገና ተጣላን። እኔ ዝቅ ትበል፣ ሰው ፊት ለፊት ያግኛት አልኩ። እሳቸው ከፍ ትበል፣ ሥዕል ከሰው በላይ ነው አሉ። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ከፍ አለች። የብረት ማንጠልጠያውን ድንጋዮቹ መካከል አስገብተን ስንጨርስ ጎረቤት መግባት ጀመረ። አንዷ እልል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ሌላው «አፍንጫዋ የእናንተ ወገን አይደለም» አለ። «አንተ ደግሞ የአፍንጫ ዳኛ ማን አደረገህ?» አሉት አክስቴ። የነፍስ አባቷ መጡ፤ መስቀላቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ ቀና ብለው አዩ። «እህ፣» አሉ ቄሱ በመጨረሻ፣ «ዛሬም ጠጉሯን አልጨረሰችም?» ቆሎ ቀረበ። ነገሩ በዚያ አበቃ።

ሰው ሲበተን መደቡ ላይ ወጣሁ። ወደ ጥጉ ሄድኩና በእሷ ግራ፣ ከግድግዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። አሁን ቦታው ለልጅ እንጂ ለኔ አይበቃም፤ ጉልበቴን አጥፌ ገባሁ። ቀና አልኩ። ከታች ሲያዩዋት ሽፋኖቿ እንደ ተዘጉ አይመስሉም፤ ወደ ታች እንደሚያዩ ይመስላሉ። አንገቷ ወደ እኔ ሰበር ብሏል። ዓይኗ ግን እኔ ጋ አያርፍም። ከኔ ፊት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እንዝርቱ ላይ ነው።

አክስቴ በሩ ዘንድ ባለው ብርሃን ቀጥ ብለው ይፈትሉ ነበር።

«እትዬ።»

«እ?»

«አንገቷን ወደዚህ የምትሰብረው ለዓይኗ ብቻ ነበር?»

«ለምን ሌላ ታዲያ? አንተ ሳትወለድም እንዲሁ ነበረች።» እንዝርቱን አሾሩ፤ ክሩ ረዘመ፤ ጠቀለሉት። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። «አንተ ነህ ያዘነበለችበትን አይተህ እዚያ ሄደህ የተወተፍከው። ስንት ጊዜ ወዲህ ና፣ በሚታይህ በኩል ተቀመጥ ብዬሃለሁ። እምቢ ትላለህ።»

«እሷስ ምን ትል ነበር?»

«እሷ ምን ትላለች? በክርኗ ትፈልግሃለች።»

ውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን መሳደብ ጀመረ። እዚያው ቆየሁ። የግራ ክርኗ በጥቁር ድንጋይ ተሠርቶ ከራሴ በላይ፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይታያል፤ ሠዓሊቷ ትንሽ ወጣ አድርጋዋለች። ትንሽ ወደ ጥጉ ተጠጋሁ። እንደገና ተጠጋሁ። ግድግዳው ያዘኝ።